የብረት ሣጥን ቤት ይሆናልን?

(ቤት ሠርተው ለማከራየት ለሚያስቡ የመንግሥት ሠራተኞች በራዲዮ የተነገረ)

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎቹ የደቡብ ጎንደር ከተሞች የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ከወር ደመወዙ እየቀነሰ፣ ዕቁብም እየጣለ ያጠራቀማትን ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውላት ሲያስብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በልቡ የሚመጣለት ቤት ሠርቶ ማከራየት ነው። ይህም ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም። መምህሩ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤቶች ተዛውሮ የሚመጣው ሁሉ የሚያድርበት ክፍል ይፈልጋልና። ነገር ግን የሲሚንቶው፣ የፌሮው ብረትና የቆርቆሮው ዋጋ እያደር ስለሚንር፣ ጀማሪው ሰው አቋራጭ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ አንድ ወዳጁ «ኮንቴይነር ገዝተህ ለምን በርና መስኮት አታወጣለትም? ግድግዳውም ጣራውም ያለቀለት ነው» የሚለው። ይህ ምክር ምን ያህል እውነት እንደሆነ ዛሬ አብረን እንመርምር።

ኮንቴይነር የተባለው ሣጥን ለሰው መኖሪያ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን በተጓዘችው «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖችን ጭኖ በላከ ጊዜ፣ ሐሳቡ ዕቃ በየወደቡ በሰው ትከሻ እየወረደና እየወጣ የሚፈጀውን ጊዜና ወጪ ለመቀነስ ነበር። ቆይቶም የሣጥኑ መጠን በዓለም ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ተወሰነ። ባለ 20 ጫማ የሚባለው ርዝመቱ 6 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ44፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ59 ነው። ባለ 40 ጫማው ወርዱና ቁመቱ ያው ሆኖ ርዝመቱ 12 ሜትር ከ19 ይደርሳል። በአምስተርዳም ከተማ በ1998 ዓ.ም. ገደማ 1,000 ያህል ተማሪዎች የሚኖሩበት የኮንቴይነር ሰፈር በተሠራ ጊዜ ብዙ ሰው ተደንቆ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ክፍሎች ለመኖሪያነት ታስበው፣ ብርድ መከላከያቸው በፋብሪካ ተገጥሞላቸው አዲስ የተሠሩ እንጂ፣ ዕቃ ሲያመላልሱ ያረጁ ሣጥኖች አልነበሩም። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ፎቶግራፉን አይተው የሚከጅሉ ሰዎች የሚስቱት እርሱን ነውና።

በአገራችን ኮንቴይነር እንግዳ ነገር አይደለም። በየከተማው መንገድ ዳር ሱቅ ሆኖ፣ በየግንባታው ሥፍራ የዕቃ ቤትና የዘበኛ ማደሪያ ሆኖ ሲያገለግል እናያለን። ይሁን እንጂ ሱቅ ቀን ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ነው። ሰው የሚያድርበትና ልጅ የሚያድግበት ቤት ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሣጥኑ በፊት ስለ መሬቱ እንነጋገር። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ስለሆነ፣ ባለሀብቱ የራሴ የሚለው በላዩ ያቆመውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 1130 መሬትንና ቤቶችን የማይንቀሳቀሱ ንብረቶች አድርጎ ይመድባቸዋል፤ ጠባዩ ሳይለወጥ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ሊዛወር የሚችል ግዙፍ ነገር ግን ተንቀሳቃሽ ነው። እንግዲህ በድንጋይ ላይ ያለ ማሰሪያ የተቀመጠ ኮንቴይነር ከየትኛው ወገን ነው? ክሬን አንሥቶ ሊወስደው የሚችል ነገር «ቤት ነው» ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል። ይህ ደግሞ የሕግ አዋቂዎች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ባንክ ቤትን በመያዣነት የሚቀበለው በስሙ ካርታ ያለውን፣ በፈቃድ የተሠራውንና ከመሬቱ ጋር የተያያዘውን ነው። ልትሸጡት ብትፈልጉም ገዢው የሚጠይቃችሁ የሣጥኑን ደረሰኝ ሳይሆን ካርታውን ነው።

ስለዚህ አንድ ብር ከማውጣታችሁ አስቀድሞ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሂዱና፣ በይዞታችሁ ላይ ኮንቴይነርን መሠረት ያደረገ ቤት በቋሚነት ለመሥራት ፈቃድ ይሰጣችሁ እንደሆነ ንድፉን አቅርባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የቃል መልስ አይበቃም። «ጊዜያዊ» የሚል ቃል በፈቃዱ ላይ ቢጻፍ፣ ያ ቃል ያላችሁን ተስፋ ሁሉ ይለውጠዋል። በመኖሪያ ቤት ማኅበር ተደራጅታችሁ ቦታ ያገኛችሁ እንደሆነም፣ ማኅበሩ የተስማማበት የቤት ፕላን ሌላ ዓይነት ቤት እንዳይሠራ ሊከለክል ስለሚችል፣ ውሉን ደጋግማችሁ አንብቡት።

ቀጥሎ የሚመጣው የማጓጓዙ ነገር ነው። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ ስላለ ኮንቴይነር ወደ ዞናችን መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሆኖም በወረታ ደረቅ ወደብ የሚታየው ሣጥን ሁሉ የሚሸጥ አይደለም። አብዛኛው የመርከብ ድርጅቶች ንብረት ሆኖ ወደ ጅቡቲ የሚመለስ ነው። ሻጩ የባለቤትነቱን ማስረጃና የጉምሩክ ሰነዱን ካላሳያችሁ፣ ዋጋው ርካሽ መስሎ ቢታያችሁም እለፉት። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ 900 ሜትር ገደማ የሚወጣ ዳገት ነው። ወደ ጋይንት የሚወስዱት ከሆነም በጉና ተራራ ትከሻ ላይ ማለፍ ግድ ነው። ባዶው ባለ 20 ጫማ ሣጥን ከ2 ቶን በላይ፣ ባለ 40ው ደግሞ ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው።

በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል ይባላል። በ1860 ዓ.ም. እርሱን ይዞ መቅደላ ለመድረስ መንገድ እየተጠረገ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። የዛሬው ሰው መንገዱም መኪናውም አለለት፤ ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቦታችሁ የሚያስገባው ጠባብ ኮረኮንች መንገድ ላይ ተሳቢው መታጠፍ ካልቻለ፣ ክሬኑም የኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር መቆም ካልቻለ፣ ኪራዩ በየሰዓቱ ሲቆጠር ታያላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የደረሰው ግጭት መንገድ እየዘጋ ጭነት ሲያዘገይ ስለታየም፣ የማጓጓዣውን ውል ስትዋዋሉ የመዘግየቱ ኪሣራ የማን እንደሆነ አስጽፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል፤ እርሱም ብርድ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ናት። አባቶቻችን በዚህ ደጋ ከባሕር ዛፍና ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ ወፍራም ግድግዳ የሠሩት ሌላ ስላጡ ብቻ አይደለም፤ ጭቃ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚመልሰው ነው። የኮንቴይነሩ ግድግዳ ግን ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ከእንጨት ጋር ሲመዛዘን በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ ሙቀትን ያስተላልፋል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ምጣድ ይሆናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከዚህም የከፋው፣ በውስጡ ያደረው ሰው የሚተነፍሰው እርጥበትና ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ መንጠባጠቡ ነው። ሰው «ጣራው አፈሰሰ» ብሎ ሲያማርር፣ እውነቱ ግን የራሱ ትንፋሽ ተመልሶ በላዩ መዝነቡ ነው። ይህም ውሃ ከመከለያው ኋላ ተደብቆ ብረቱን ያዝገዋል፣ ፍራሹንም ያሻግተዋል።

መድኀኒቱ ግድግዳውን፣ ጣራውንና ወለሉን ሳይቀር ብርድ በሚከላከል ነገር መሸፈን ነው። በሞራሌ ክፈፍ አሠርቶ፣ በመካከሉ ፎም ወይም የመስተዋት ጥጥ ሞልቶ፣ እርጥበት የማያሳልፍ ላስቲክ በውስጥ በኩል ያለ ክፍተት ዘርግቶ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ ወይም ጂፕሰም ማልበስ ይገባል። በውስጥ ያለው ወርድ 2 ሜትር ከ35 ስለሆነ፣ በግራና በቀኝ 7 ሳንቲ ሜትር ቢወሰድበት 2 ሜትር ከ21 ይቀራል፤ አልጋ በአግድም ይገባል፣ ሰው ግን በግርጌው እንደ ልቡ አያልፍም። የመጀመሪያው የጣውላ ወለልም በመርከብ ጉዞ ነፍሳት እንዳይበሉት መርዝ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል፣ መንቀል ወይም በሚገባ መድፈን ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እንናገራለን። በደጋው ብርድ ሲጠና ሰው የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት የማስገባት ልማድ አለው። የጭቃ ቤት በስንጥቁና በጣራው ክፍተት ይተነፍሳል፤ ኮንቴይነር ግን የባሕር ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በሩ ከተዘጋ አይተነፍስም። የባለ 20 ጫማው ሣጥን ውስጥ ያለው አየር 33 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ የሰውን ደም አየር እንዳይሸከም የሚያግድ መርዝ ነው፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ስለዚህ አከራይ የምትሆኑ ሁሉ በላይና በታች፣ በፊትና በኋላ የማይዘጉ የአየር መተንፈሻዎችን አስቀርጹ፤ ማብሰያውንም ከመኝታው ለይታችሁ በውጭ በኩል ሥሩለት። ተከራዩ ብርድ ገባኝ ብሎ መተንፈሻውን በጨርቅ ቢደፍነው ማን አየ? ብርዱን በግድግዳው አስቀድማችሁ ካልከለከላችሁት መድፈኑ አይቀርምና፣ የሁለቱ ሥራ አንድ ነው።

ስለ ብየዳው በአጭሩ እናልፋለን። የሣጥኑ ጥንካሬ ያለው በአራቱ ማዕዘን ቋሚዎችና በታጠፈው የግድግዳ ላሜራ ነው፤ በርና መስኮት የተቆረጠበት ሁሉ ዙሪያውን በቱቦላሬ መታሰር አለበት። አራቱ ማዕዘኖች በተገነባ ድንጋይ ላይ ይረፉ፤ ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ መሠረቱ አፈሩ ከሚያብጥበት ጥልቀት በታች መውረድ ይገባዋል። ከላይም ሁለተኛ የቆርቆሮ ጣራ ከነአሸንዳው ቢደረብበት የክረምቱን ዝናብ ያርቃል፣ የበረዶውንም ድብደባ ያበርዳል። ሁለመናው ብረት ስለሆነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ሳይዘረጋ መብራት እንዳያስገባ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቆሙ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡባቸው። ባለ 40 ጫማው ሣጥን ለሁለት ክፍል ተከፍሎ፣ ከማጓጓዣው፣ ከብርድ መከላከያው፣ ከጣራውና ከመጸዳጃው ጋር 600,000 ብር ፈጀ እንበል። ሁለቱ ክፍሎች በወር 5,000 ብር ቢከራዩ፣ በዓመት አንድ ወር ባዶ ሆነው ቢቆጠሩ 55,000 ብር ይገባል፤ ለኪራይ ገቢ ግብር፣ ለሊዝና ለእድሳት 10,000 ቢወጣ 45,000 ይተርፋል። ገንዘቡ የሚመለሰው በ13 ዓመት ከ4 ወር ነው። ያንኑ 600,000 በመቶ 15 ወለድ የተበደረ ሰው ግን በመጀመሪያው ዓመት ለወለድ ብቻ 90,000 ብር ይፈለግበታል፤ ይኸውም ከቤቱ የሚያገኘው እጥፍ ነው። የጎደለውን ከደመወዙ ይሞላል ማለት ነው።

«ኮንቴይነር ቶሎ ያልቃል» የሚለውም ክርክር በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ተመሳሳይ ሁለት ክፍሎች በጭቃና በቆርቆሮ በ400,000 ብር ቢሠሩና ሥራው ስድስት ወር ቢዘገይ፣ በመዘግየቱ የሚቀረው ትርፍ 22,500 ብር ብቻ ነው፤ የወጪው ልዩነት ግን 200,000 ብር ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፣ ጭቃና እንጨት የሚያውቅ ባለሙያ በሞላበት በደብረ ታቦር፣ ለመኖሪያ ክፍል ኮንቴይነር የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባውም። የሚበጀው ቦታው ለጥቂት ዓመት ብቻ የተፈቀደለት ሰው ሲሆን ነው፤ ሱቅ ወይም ዕቃ ቤት አድርጎ ያከራየዋል፣ ልቀቅ በተባለ ጊዜም ጭኖት ይሄዳል፤ የጭቃ ቤት የሠራው ግን አፈሩን ትቶ ይሄዳል። የሊዙ ውል ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ወስኖ፣ ቀኑ የደረሰበት ሰውም ማዘጋጃ ቤቱ የሚፈቅድለት ከሆነ በፍጥነቱ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህን ሁሉ አስልታችሁ ለመሥራት የቆረጣችሁ እንደሆነ፣ ሣጥኑ መሬቱ ሲደርቅ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይምጣ፤ በሰኔ ጭቃ ውስጥ ተሳቢ አይገባም። ስትገዙም በቀን ብርሃን ወደ ውስጡ ግቡና በሩን ከኋላችሁ አዘግታችሁ ቁሙ፤ በጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ የሚያበራ ቀዳዳ ካያችሁ ዝገቱ በልቶታል። ጎናችሁ የሚቆም ሰው በውጭ ሆኖ በሩን መልሶ እንዲከፍትላችሁ አትርሱ፤ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው።