መሣሪያው ደርሷል፤ ሕክምናው ግን መቼ ይጀመራል?

አንድ ሆስፒታል እጅግ ውድ የሆነ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ገዛ እንበል። መሣሪያው ከወደብ ተጓጉዞ ደርሷል፤ ሳጥኑ ግን ሳይከፈት ወራት ያልፋሉ። ታማሚዎች ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ዕጢው ግን ወረፋ አያውቅም። ለመሆኑ በግዥና በሕክምና መካከል ያለውን ጊዜ የሚያረዝመው ምንድን ነው? የጨረር ሕክምናን ምሳሌ አድርገን ለመመለስ እንሞክራለን።

በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በኮባልት-60 መሣሪያ ነው። ማዕከሉ ከ20 ዓመታት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። በመሆኑም ምንጩ አዲስ ሳለ በ2 ደቂቃ ይሰጥ የነበረው የጨረር መጠን ከዚህ ጊዜ በኋላ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ምንጩ የሚለወጥበት ጊዜ አስቀድሞ ካልታቀደ በቀን የሚታከሙት ሰዎች ቁጥር እየተመናመነ፣ ወረፋውም እየረዘመ ይሄዳል።

ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው መሣሪያ ይህ ችግር የለበትም። ኤሌክትሮኖችን በማይክሮዌቭ ኃይል ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪቃረቡ ድረስ ያፋጥንና እንደ ተንግስተን ካለ ብረት ጋር በማላተም ኃይለኛ ኤክስሬይ ያመነጫል። ይሁን እንጂ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማቀዝቀዣ ውኃና ጨረሩን የሚያግድ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ይሻል። ጨረሩ በቀጥታ በሚያርፍበት በኩል የግድግዳው ውፍረት 2 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ውፍረቱ የሚሰላው ከመሣሪያው ኃይል በመነሣት ስለሆነ የመሣሪያው ምርጫና የሕንፃው ንድፍ ተነጣጥለው ሊታቀዱ አይችሉም። ሕንፃው ከዘገየ መሣሪያው በመጋዘን ይቀመጣል፤ የዋስትናው ጊዜም ገና አንድ ታማሚ ሳይታከም ሊያልቅ ይችላል።

ከኮንክሪቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ግን የሰው ኃይል ዝግጅት ነው። የመጀመሪያው ታማሚ ከመታከሙ በፊት ሜዲካል ፊዚሲስቱ በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ጨረሩን በየጥልቀቱ ይለካል፤ ውጤቱንም ሕክምናው በሚታቀድበት ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል። በዚህ ሥራ የሚፈጠር ጥቂት በመቶ ስሕተት ዕጢውን ሊያተርፈው ወይም ጤናማውን አካል ሊጎዳ ስለሚችል ሥራው ሳምንታትን ይወስዳል። ይህን ባለሙያ ለማፍራት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የማስተርስ ትምህርትና የሆስፒታል ልምምድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በአንድነት አራት ዓመት ገደማ ይወስዳሉ። እንግዲህ ሥልጠናው መሣሪያው በደረሰ ዕለት ከተጀመረ አራት ዓመት ዘግይቷል ማለት ነው። የካንሰር ሐኪሙ፣ የጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂስቱና የባዮሜዲካል መሐንዲሱም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መረጃ መርምረው 38.3 በመቶ ያህሉ አገልግሎት እንደማይሰጡ አመልክተዋል። በምክንያትነት ያነሡትም የሥልጠና ማነስን፣ የመሣሪያ አስተዳደር ጉድለትንና የመሠረተ ልማት እጥረትን ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ መነደፍ ያለበት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው እንላለን። የመጀመሪያው ታማሚ የሚታከምበት ቀን ይወሰን፤ ከዚያ ወደኋላ እየተቆጠረ በቅድሚያ ሠልጣኙ ይላክ፣ ቀጥሎ መሣሪያው ይመረጥና ሕንፃው ይጀመር፣ በመጨረሻም መሣሪያው ይጓጓዝ። ፊዚክስ የምታጠኑ ተማሪዎች ሆይ፣ «ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ያ ያልተከፈተ ሳጥን የሚጠብቀው የእናንተኑ ሙያ ነው።