ዕጢ የራሱን የደም ሥር እንዴት ያበቅላል? ይህንስ መግታት ምን ያህል ተቻለ?

አብዛኛው የሰውነታችን ሕዋስ ኦክሲጅንና ምግብ የሚያገኘው በአጠገቡ ከሚያልፍ ቀጭን የደም ሥር ነው። የካንሰር ሕዋሳትም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። በመሆኑም አንድ ዕጢ አዳዲስ የደም ሥሮች ካላገኘ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሚደርስ መጠን በላይ ማደግ ይሳነዋል። በቦስተን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ጁዳ ፎክማን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያሳትሙ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም፤ በዕጢ ዙሪያ የሚታዩት የደም ሥሮች የሰውነት መቆጣት ውጤት ብቻ ናቸው ይባል ነበርና።

አንጂዮጄኔሲስ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሂደት በራሱ በሽታ አይደለም። ቁስል ሲሽር፣ በወር አበባ ዑደትና በእርግዝና ወቅትም አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ተግባሩ ሲፈጸም ግን ምልክቱ ይቋረጣል። ዕጢ የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ማቆሚያ የሌለው መሆኑ ነው። ኦክሲጅን ያጠራቸው የዕጢው ሕዋሳት ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫሉ። ፕሮቲኑ በአቅራቢያው ባሉ የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከሚገኙ ተቀባዮች ጋር ሲጣመር የሽፋኑ ሕዋሳት ይባዛሉ፣ ወደ ዕጢውም ይዘልቃሉ። በዚህ መልክ የሚሠራው መረብ ጠማማና ፈሳሽ የሚያሾልክ በመሆኑ በዕጢው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስም።

የተመራማሪዎቹ ተስፋ ትልቅ ነበር። የካንሰር ሕዋስ ባሕርዩን እየለወጠ መድኃኒትን ይላመዳል፤ የደም ሥር ሕዋስ ግን ጤናማ ስለሆነ አይላመድም ተብሎ ታሰበ። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.ን የሚይዘው ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከሕሙማኑ ግማሹ በሕይወት የቆየበት ጊዜ በኪሞቴራፒ ብቻ 15.6 ወር ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሲታከልበት 20.3 ወር ደረሰ። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ፈውስ ብሎ ለታማሚ መንገርም ስሕተት ነው። ለተሰራጨ የጡት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2008 የተሰጠው ፈቃድም ዕድሜ ማራዘሙ ስላልተረጋገጠ በ2011 ተሽሯል።

የተስፋው ጉድለት ከዕጢው እንጂ ከደም ሥሩ አልመጣም። አንድ ምልክት ሲዘጋበት ሌሎች የእድገት ፕሮቲኖችን ይጠቀማል፤ አንዳንዴም አዲስ ሥር ሳያበቅል ቀድሞ የነበሩትን ተከትሎ ይስፋፋል። ራኬሽ ጄን የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አዩት፤ መድኃኒቱ የተበላሸውን መረብ ለጊዜው አስተካክሎ ኪሞቴራፒው እንዲደርስ ያግዛል አሉ። እኔም ይህ አመለካከት ዕጢን ማስራብ ከሚለው የበለጠ ውጤቶቹን ያብራራል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ቤቫሲዙማብ ከአቴዞሊዙማብ ጋር ተጣምሮ ለጉበት ካንሰር ይሰጣል፤ ይህ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ጤናማ የደም ሥሮችንም ስለሚንከባከብ መድኃኒቱ ጉዳት አለው። የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፣ መድማትና የደም መርጋት ያጋጥማል፣ ቁስል ለመሻር ይዘገያል። ስለዚህ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 28 ቀን እስኪሞላና ቁስሉ በሚገባ እስኪሽር አይሰጥም። መድኃኒቱን የሚወስድ ታማሚ ከማዕከሉ ርቆ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ይዞ ከመጣ፣ የጨጓራ ሕመም ነው ብሎ ከመሸኘት በፊት የአንጀት መበሳትን መጠርጠርና በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሐኪም ማስተላለፍ ያስፈልጋል።