ከሕዋስ ውጭ የሚገኘው ኤ.ቲ.ፒ. እና የዕፀዋት ሕዋስ ሞት

ዕፀዋት በሽታ በመጣባቸው ጊዜ ሸሽተው ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄዱ አይችሉም። ስለዚህ ዋግ ወደ ስንዴ ቅጠል በገባ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው የስንዴ ዘር የተያዙትን ጥቂት ሕዋሳት ራሱ ገድሎ የቀረውን አካሉን ያድናል፤ ዋግ የሚመገበው ከሕያው ሕዋስ ብቻ ነውና። ነገር ግን የሞተ አካል ለሚበላ ሻጋታ ይኸው ሞት ድግስ ይሆንለታል። እንግዲህ ሕዋሱ እንዲኖር ወይም እንዲሞት የሚያደርገው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱን ብቻ እንመለከታለን።

ኤ.ቲ.ፒ. እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. የታወቀ ሲሆን፣ በሕዋስ ውስጥ ኃይልን የሚያቀብል መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ይሁን እንጂ ጥቂቱ ከሕዋሱ ገለፈት ወጥቶ በግድግዳው አካባቢ ይገኛል። በዚያም ሥራው ኃይል መስጠት ሳይሆን መልእክት ማድረስ ነው።

ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ስቴፈን ቺቫሳና ባልደረቦቹ በሙከራ አሳይተዋል። አራቢዶፕሲስ በምትባለው ትንሽ ተክል ሕዋሳት ዙሪያ ግሉኮስና ሄክሶካይኔዝ የተባለውን ኤንዛይም ጨመሩ። ኤንዛይሙ ከኤ.ቲ.ፒ. አንዱን ፎስፌት ወስዶ ለግሉኮስ ይሰጣል፤ ስለዚህ በውጭ ያለው ኤ.ቲ.ፒ. ሲያልቅ ሕዋሳቱ ሞቱ።

ቀጥሎም ፊውሞኒሲን ቢ 1 የተባለውን መርዝ ፈተኑ። ይህ መርዝ በበቆሎ ላይ የሚበቅል ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ የሚያወጣው ነው። መርዙ በተጨመረ ጊዜ ሕዋሳቱ ከመሞታቸው አስቀድሞ የውጭው ኤ.ቲ.ፒ. ቀነሰ። ኤ.ቲ.ፒ. መልሰው ሲጨምሩላቸው ግን ሕዋሳቱ ከሞት ተረፉ። ከዚህ እንደምንረዳው መርዙ የሚገድለው ሕዋሱን በሕይወት የሚያቆየውን መልእክት በመንጠቅ ጭምር ነው።

መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን፣ ዶርን 1 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ታወቀ። በገለፈቱ ላይ ሆኖ ኤ.ቲ.ፒ. ሲነካው በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል።

ሆኖም ኤ.ቲ.ፒ. ሲበዛ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በፖፕላር ዛፍ ሕዋሳት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ኤ.ቲ.ፒ. ከልክ በላይ ሲጨመር ሕዋሳቱን ገድሏል። ስለዚህ ወሳኙ መጠኑ ነው።

በቆሎ በአገራችን የብዙ ሰው ምግብ ስለ ሆነ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በላቦራቶሪ በአራቢዶፕሲስ የታየው ሁሉ በማሳ ላይ በበቆሎ ይደገማል ብለን ግን አንቸኩልም፤ መጠየቅና መፈተን የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።