ከአዝራሩ ጀርባ የሚደጋገም ኮድ

በድረ ገጽ ላይ ያለ አዝራር ሲያዩት ቀላል ነው፤ ይጫኑታል፣ ሥራውን ይሠራል። ከጀርባው ያለው ኮድ ግን ብዙ ጉዳይ አለበት። አንዱ በማውስ ይጫነዋል፣ ሌላው በጣቱ ይነካዋል፣ ሌላው ደግሞ በኪቦርድ ኢንተርን ወይም ስፔስን ይመታል። ጣቱን አሳርፎ ሐሳቡን የለወጠና ወደ ጎን ያንሸራተተ ሰው እንደ ጫነ መቆጠር የለበትም። ማየት ለተሳነው ተጠቃሚ ደግሞ ስክሪን አንባቢው አዝራሩ አሁን ይሠራ እንደሆነ መናገር መቻል አለበት።

ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ መጻፍ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ያው ኮድ በሜኑው፣ በብቅ ባይ መስኮቱ፣ በቀን መምረጫውና በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ እየተገለበጠ ሲቀመጥ ነው። ተጠቃሚው ውጭ ሲጫን የተከፈተው ነገር ይዘጋ የሚለው ሕግ ለአራቱም ያስፈልጋል። አንድ ፕሮግራመር በታብሌት ላይ አልዘጋ ያለውን ሜኑ ሲያስተካክል ቀን መምረጫው እንደተበላሸ ይቀራል፤ ስሕተቱ እዚያም እንዳለ የሚያስታውሰው የለም። የተደጋገመ ኮድ ጉዳቱ በመስመሮቹ ብዛት አይለካም፤ በተረሱት እርማቶች ነው።

ካምፓላ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከጤና ጣቢያ ሥራ ጋር ይያያዛል። በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ሥር ያለው ሜትስ የተባለ ፕሮግራም ዩጋንዳ ኢኤምአር የሚባለውን የሕሙማን መዝገብ ሶፍትዌር ያዘጋጃል። መሠረቱ ኦፕንኤምአርኤስ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ኢንዲያና ባለሙያዎች በኬንያ ኤልዶሬት ለኤችአይቪ ሕክምና መዝገብ ሲያበጁ የተጀመረ ነው። አዲሱ ትውልድ፣ ዩጋንዳ ኢኤምአር ፕላስ፣ የቆመው በሦስተኛው የኦፕንኤምአርኤስ ስሪት ላይ ሲሆን ይህ ስሪት ገጹን ለብቻቸው ከተሠሩ ሞጁሎች ይገጣጥማል። ምዝገባው አንድ ሞጁል ነው፣ ላቦራቶሪው ሌላ፣ መድኃኒት ቤቱ ሌላ። ሠሪዎቹ በተለያዩ አገሮች ያሉ ቡድኖች ስለሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ሜኑና የራሱን መስኮት ከባዶ ቢጽፍ ነርሷ በአንድ ገጽ ላይ የተለያየ ጠባይ ያላቸው አዝራሮች ይገጥሟታል።

መፍትሔው ጠባይን ከመልክ መለየት ነው። መልኩን፣ ማለትም ቀለሙን፣ መጠኑንና ክፍተቱን፣ አብዛኛውን ካርቦን ከተባለው የአይቢኤም የዲዛይን ስብስብ ይወስዳሉ። የጋራው ጠባይ ደግሞ ሞጁሎቹ ሁሉ በሚጋሩት የኦፕንኤምአርኤስ ማዕቀፍ ውስጥ አንድ ቦታ ተቀምጧል። ዩዝኦንክሊክአውትሳይድ የተባለው ፈንክሽን ውጭ መጫንን ይከታተላል። ዩዝዲባውንስ የሕመምተኛ ስም እየተጻፈ ሳለ በየፊደሉ ሰርቨር እንዳይጠየቅ ጥቂት ያስጠብቃል፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ በሆነበት ጤና ጣቢያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዩዝሌይአውትታይፕ ገጹ የተከፈተው በታብሌት ይሁን በዴስክቶፕ ይናገራል።

እነዚህ ፈንክሽኖች ሁክ ይባላሉ። ስሙ የመጣው ገጾቹ ከተሠሩበት ሪአክት ከተባለው ላይብረሪ ነው። ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ሲለቀቅ የጋራ ጠባይ የሚካፈለው ሚክሲን በተባለ መንገድ ነበር። ሁለት ሚክሲኖች አንድ ስም ሲጠቀሙ ይጋጩ ነበር፤ አንድ ጠባይ ከየት እንደመጣ ማወቅም ያስቸግር ነበር። የሪአክት ቡድን ራሱ በ2016 ሚክሲንን አጥብቆ ነቀፈ። ቀጥሎ የመጣው አንዱን አካል በሌላ መጠቅለል ደግሞ ንብርብር አበዛ። ሁክ በየካቲት 2019 ሲመጣ ጠባዩ ተራ ፈንክሽን ሆነ፤ የሚያስፈልገው አካል ጠርቶ ይጠቀምበታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ቀን መምረጫው ነው። በቀስት ቁልፍ ከቀን ወደ ቀን መሄድ፣ በፔጅ ዳውን ወር መዝለል፣ በኢስኬፕ መዝጋት፣ ይህ ሁሉ በየትኛውም ዘመን አቆጣጠር አንድ ነው። የሚለየው ስሌቱ ብቻ ነው። ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ ጳጉሜን ይውጣታል፤ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናትም መድረሻ ያጣሉ። የኦፕንኤምአርኤስ ቀን መምረጫ የተሠራው በአዶቢ ሪአክት አሪያ ላይ ነው። ይህ ላይብረሪ የቁልፉን ጠባይ፣ የዘመኑን ስሌትና መልኩን ሦስት ቦታ ይከፍላል። የቀስት ቁልፉ ኮድ ቀጣዩን ቀን ከስሌቱ ይጠይቃል እንጂ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ካምፓላ ላይ በግሪጎሪያን የሚሠራው ቀን መምረጫ፣ በአማርኛ ሲከፈት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ማሳየት ይችላል። ለኢትዮጵያ ተብሎ ሌላ ቀን መምረጫ ከባዶ መጻፍ አላስፈለገም።

የሚመሳሰል ሁሉ ይጠቅለል ማለት ግን አይደለም። የመድኃኒት መጠንና የላቦራቶሪ ውጤት ሁለቱም በቁጥር ሳጥን ይሞላሉ፤ የተፈቀደው ልክና የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን የየራሳቸው ነው። በግድ አንድ ሲደረጉ የጋራው ፈንክሽን በ«እንዲህ ከሆነ» ይሞላል፤ ለመድኃኒት ቤት የተደረገ ለውጥም ላቦራቶሪውን ያበላሻል። ይህ ከመደጋገም የባሰ ነው። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ሪፋክተሪንግ በተሰኘ መጽሐፍ ያስተዋወቀው የሦስት ጊዜ ልማድ እዚህ ይጠቅማል፦ ሁለት ጊዜ መድገም ይታለፋል፣ ሦስተኛው ሲመጣ የጋራው ይወጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ስሕተት ሁሉንም ሞጁል ስለሚነካ ጥብቅ ፍተሻ የሚያስፈልገው እዚያው ነው።

የኦፕንኤምአርኤስ ኮድ በሞዚላ ፐብሊክ ላይሰንስ 2.0 ለሁሉም ክፍት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ፕሮግራመር አዲስ ሜኑ ከመጀመሩ በፊት ማዕቀፉን ከፍቶ የተጻፈውን ቢያነብ ብዙውን ሥራ ተሠርቶ ያገኘዋል።