ቤሳ ቤስቲን፦ ስለ መዳብ ሳንቲሞቻችን

«ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የማይል ሰልጣኝ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብማ በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ይኸው ነው። ነገር ግን ቤሳን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? ቤሳ ቀልድ ሳትሆን ገንዘብ ነበረች። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ አንድ ብር በ16 ግርሽ፣ አንድ ግርሽ ደግሞ በ2 ቤሳ ይመነዘር ነበር። እንግዲህ ቤሳ የብር 32ኛ ናት ማለት ነው። ክፍልፋይ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

እኛ ጥቂት ሰልጣኞች አቦምሳ ገበያና በየዘመድ ቤቱ እየዞርን አሮጌ ሳንቲም ማሰባሰብ የጀመርነው ለትምህርት መርጃ ይሆናል በሚል ነው። ብዙ ጓደኞቻችን «ብሩን ትታችሁ መዳቡን ምን ያደርግላችኋል?» ይሉናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ለረጅም ዘመን ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ነበር። በላዩ የተቀረጸው ዓመት ምንጊዜም እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲቀረጽ ኖሯል። ጠገራ ብር ለበሬ መግዣ ጥሩ ነው። ሽንኩርት ለመግዛት ግን ምን ይደረጋል? ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር፤ አንዳንዴም ጥይት። አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ በመንገድ ይሰበራል፣ ዋጋውም ከጨው አገር በራቀ ቁጥር ይጨምራል። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ ካወጁ በኋላ ፓሪስ የተቀረጸው ብር 1887 የሚል ዓመት ይዞ መጣ። «የብር መቶኛ» የተባለው መዳብ ደግሞ 1889 ይላል። የሆነ ሆኖ ሕዝቡ ጠገራውን አልተወም።

የዝርዝር ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በዌልስ አገር፣ አንግልሲ በምትባል ደሴት፣ ፓሪስ የሚባል የመዳብ ተራራ አለ (ከፈረንሳዩ ከተማ ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የለውም)። መንግሥት ትንንሽ ገንዘብ በበቂ ባለማውጣቱ ለሠራተኛ የሚከፈል ዝርዝር ጠፋ። ታዲያ የማዕድን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1787 ከራሱ መዳብ የራሱን ገንዘብ አስቀረጸ። በአንዱ ፊት ቆብ የደፋ ጥንታዊ ካህን፣ በሌላው ፊት የኩባንያው ፊደላት አሉ። በጠርዙ ላይ ደግሞ በሎንዶን፣ በሊቨርፑል ወይም በአንግልሲ እንደሚከፈል ተጽፏል። እንዲህ ያለው የግል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1817 በሕግ ተከለከለ። ዛሬ ሰብሳቢዎች በጥንቃቄ ይይዙታል፤ የሠራተኛውን ኑሮ የሚናገረው እሱ ነውና። ወርቁ በሣጥን ተቀምጦ ሲኖር መዳቡ ነው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመው።

ወደ አገራችን እንመለስና፣ በጣም የምንወደው ሳንቲም ስሙኒ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ25 ሳንቲሞቹ መዳብ ቀለም፣ 50ው (ሽልንግ የምንለው) ግን ብር ነበር። ሁሉም ፲፱፻፴፮ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ ዓመት የተቀረጹትም ጭምር። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አይቶ ዕድሜውን መናገር አይቻልም። መጀመሪያ ላይ ስሙኒ እንደ ሽልንጉ ክብ ነበረች፤ መጠናቸውም ይቀራረባል። አንዳንድ ብልጣብልጥ ስሙኒን ብር ቀብቶ ሽልንግ ነው እያለ ያልፍበት ጀመር። በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት መላ ፈለገ፤ የስሙኒን ጠርዝ ሸረፍ ሸረፍ አድርጎ እንደ አበባ ቅጠል አወጣት። ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ ይለያታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከክቧ ላይ እየተቆረጡ የተሠሩም ስላሉ የአንዳንዶቹ ጠርዝ ሻካራ ነው። እኛ እስካሁን ካገኘናቸው ውስጥ አበባማዎቹ ይበዛሉ፤ ክቧ አንዲት ብቻ ናት። እሷንም የሰጡን አንዲት እናት ናቸው፤ ከኑራ ኤራ እርሻ ሥራ ዘመን ጀምሮ በመሐረብ ቋጥረው ያቆዩዋት ናት። በዚያ እርሻ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ስለነበረ በዚህ አካባቢ የሚገኘው ሳንቲም ብዙ መንገድ የሄደ ነው።

የሚያሳስበን ነገር አለ። አሮጌው መዳብ በኪሎ ለቁራሌው እየተሸጠ ነው፤ ቀጥቃጩም ያቀልጠዋል። ልዋጭ የሚሉት ደግሞ በፕላስቲክ ሳህን ይለውጡታል። የብሩ ሽልንግ ቀለበት ሆኖ አልቋል ማለት ይቻላል። በ1969 ዓ.ም. የወጡት የአንበሳ ራስ ያለባቸው ትንንሾቹ፣ ገበሬው በሬ ጠምዶ የሚታይባት አንድ ሳንቲም ጭምር፣ ከገበያ ጠፍተዋል። የዛሬ ልጅ አንድ ሳንቲምን በቃል ሂሳብ እንጂ በእጁ አያውቃትም።

ስለ አያያዙ ባጭሩ፦ ሳንቲምን በአሸዋ፣ በሎሚም ሆነ በአመድ አትፈትጉ። ያ ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ መዳቡ በጊዜ ብዛት የለበሰው ልብስ ነው። ሲፈተግ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። በለስላሳ ጨርቅ ጠርጉት፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ከየት ቀበሌ እንደተገኘና በምን እንደቆየ በወረቀቱ ላይ ጻፉበት። ታሪኩ ከጠፋ ሳንቲሙ ብረት ብቻ ይሆናል። ወርቅ አንጣሪ ቢለምኑት ክብደቱን ይመዝንላችኋል፤ የጠገራው ልክ 28 ግራም ገደማ ነው።

አንድ ነገር ግን አንነካም፤ የአክሱምን። የአክሱም ነገሥታት ከወርቅና ከብር ሌላ መዳብም አስቀርጸዋል። በአንዳንዱ መዳብ ላይ «ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል በግሪክ ፊደል ይነበባል፤ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ የተቀባም አለ። ይህ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ለክፍላችን ፎቶግራፉ ይበቃል።

የሰበሰብናቸው ለጊዜው 41 ናቸው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው የመርጃ መሣሪያዎች ክፍል በካርቶን ላይ ይታያሉ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ክብ ስሙኒ የምታገኙ፣ ቁራሌው ሳይቀድማችሁ አምጡልን።