በከፍተኛ እሳት በሚተኮስ ሸክላ ላይ የጭቃ ልባስ ስለ መሰንጠቁ

በአገራችን ጀበናውም እንስራውም በባህላዊው አሠራር ያለ ብርጭቆ መሰል ልባስ ስለሚተኮስ፣ ከዚህ በታች የሚገለጠው እንከን በእርሱ ላይ አይደርስም። ስለሆነም ምሳሌው የተወሰደው ከሌላ አገር ነው።

በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሐድሰን ወንዝ ዳር ካለችው ከአልባኒ ከተማ አካባቢ ይቆፈር የነበረ ደቃቅ አፈር በ19ኛው መቶ ዓመት እጅግ የታወቀ ነበረ። በውሃ ተበጥብጦ በዕቃው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲተኮስ፣ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ቀልጦ ቡናማ ብርጭቆ ይሆን ነበር። ሸክላ ሠሪዎች በተለይ የገንቦውን ውስጥ ይለብጡበት ነበር። ቁፋሮው በ1980ዎቹ ስለ ቆመ፣ በምትኩ ሌላ አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይቀላቀላል፤ ቅልቅሉ ሲለወጥም የልባሱ ጠባይ አብሮ ይለወጣል።

እንከኑ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ልባሱን እንደ መረብ ይሸፍነዋል። ከመተኮሱ በፊት ጭቃው ሲደርቅ ከሚታየው ስንጥቅ የተለየ ነው፤ ያኛው የሚመጣው ከውሃ መድረቅ ሲሆን፣ ይኸኛው ግን ከእቶኑ ሲወጣ፣ አንዳንዴም ከብዙ ቀን በኋላ ይገለጣል። ዕቃውን ያዳክመዋል፤ ገላው በሚገባ ካልተተኮሰም ፈሳሹ በስንጥቁ ይሰርጋል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በእሳቱ ወይም በችኮላ ማቀዝቀዝ ያሳብባል። ዋናው ምክንያት ግን የሁለቱ አለመስማማት ነው። ልባሱና ገላው ተጣብቀው ሲቀዘቅዙ ልባሱ ከገላው ይልቅ ከተኮማተረ ይወጠራል፤ ብርጭቆ ደግሞ መታመቅን እንጂ መወጠርን አይችልም። እቶኑን ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ስንጥቁን ያዘገየው እንደ ሆነ እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም።

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኸርማን ዜገር (1839–1893) እንዳስተማረው፣ መድኃኒቱ በቅልቅሉ ውስጥ ነው። ሶዳና ፖታሽ የልባሱን መኮማተር ያበዛሉ፤ ሲሊካ ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፌልድስፓሩን መቀነስ፣ ቀጥሎም በደንብ የተፈጨ ኳርትዝ ከመቶ አምስት እየጨመሩ መፈተን ይገባል። ልባሱ በዚህ ምክንያት አልቀልጥ ካለ፣ መኮማተሩ አነስተኛ የሆነ ጥቂት ቦሮን ያለበት ማቅለጫ ይረዳዋል። ልባሱን ማሳሳትም ይጠቅማል። ነገር ግን ልክ ከታለፈ ልባሱ ከመጠን በላይ ታምቆ ከጠርዝ ላይ እየተፈረፈረ ይወድቃል፤ ይህም ለበላተኛው ከፊተኛው የከፋ ነው።

ለመፈተን ዕቃው በፈላ ውሃ ከሞቀ በኋላ በበረዶ ውሃ ይነከራል፤ ይህም ይደጋገማል። ከዚያ ቀለም ይቀባና ይጠረጋል፤ ስንጥቅ ካለ ቀለሙ በውስጡ ቀርቶ ያጋልጠዋል።

በቻይና ግን በሶንግ መንግሥት ዘመን (960–1279) ለቤተ መንግሥት በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ይኸው ስንጥቅ እንደ ጌጥ ይወደድ ነበር። እንግዲህ የተፈጥሮው ሕግ አንድ ሆኖ ሳለ፣ እንከን ወይም ውበት የሚያሰኘው ዕቃው የተሠራበት ዓላማ ነው።