የሕፃኑ ሒሳብ

በልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ብዙ ጊዜ አልፈው ይሆናል። በዚያ ለሕፃናት የሚመች ችሎት እንዳለ ያውቃሉን? ጥቃት የደረሰበት ልጅ ከተከሳሹ ፊት ሳይቆም በሌላ ክፍል ተቀምጦ ይመሰክራል፤ የሠለጠነ ባለሙያ የችሎቱን ጥያቄ ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ያቀርብለታል፤ ዳኛውም በቴሌቪዥን ይከታተሉታል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብት ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱም አገሮች የሠሩትን በየ5 ዓመቱ እንዲያስረዱ ያዛል።

ነገር ግን ሥራው መልካም መሆኑ በምን ይታወቃል? የተገዛውን ካሜራና የሠለጠነውን ሰው መቁጠር ቀላል ነው፤ ይኸውም የወጪ ሒሳብ እንጂ የሕፃኑ ሒሳብ አይደለም። ልጁ መከራውን ስንት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ? በስንት ቀጠሮ ተመላለሰ? ከፍርዱስ በኋላ ማን ጎበኘው? ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ይህን መጠየቅ ክትትል ይባላል፤ የተገኘውን ውጤት አስቀድሞ ከታሰበው ጋር ማመዛዘን ደግሞ ግምገማ ነው።

እንግዲህ ነገ በመሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ሪፖርት ከጠረጴዛዎ ላይ ቢቀርብ፣ ከመፈረምዎ በፊት «ልጁ የት አለ?» ብለው ይፈልጉት። ካላገኙት ሪፖርቱ ገና አላለቀም።